ያለ ጌጅ ወደ ጊምቢ

መኪና መንዳት እያስተማርኩ ነው እንጀራዬን የበላሁት። አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ መሪ ከማስጨበጤ በፊት የቤንዚኑን፣ የሙቀቱንና የፍጥነቱን ጌጅ ማየት አስተምረዋለሁ። «ሞተር አፍ የለውም፤ አፉ ጌጁ ነው። ጌጅ የናቀ መንገድ ላይ ያለቅሳል» እል ነበር። ይህን ስለፈልፍ የሰማ ተማሪዬ ይህን ጽሑፍ ካገኘ እንደ ልቡ ይሳቅብኝ፤ የማወጋው ዳሽቦርዷ ላይ ከሦስት ክብ ቀዳዳ በቀር ምንም የሌለባትን አሮጌ ፔጆ ከነቀምቴ ጊምቢ ድረስ እንዴት እንደ ነዳሁ ነውና።

መኪናዋ ፔጆ 404 ናት። የባለቤቴ የለሊሴ አባት ጊምቢ አስተማሪ ሳሉ የገዟት፣ ወለጋን ከዳር እስከ ዳር የዞሩባት፣ በመጨረሻም ለለሊሴ ያወረሷት ናት። ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ስትታይ ሰፈርተኛው «አሮጊቷ» ይላታል። እኔ ዘይቷን በጊዜው እየቀየርኩ፣ ገላዋን እያጠብኩ ከልጆቼ እኩል ይዣታለሁ። ለሊሴ «እኩል አይደለም፣ አብልጦ ነው» ትላለች።

የጉዞው ነገር እንዲህ ነው። የለሊሴ እናት ያረፉት የወለጋ መንገድ በጸጥታ ምክንያት በተዘጋበት ወቅት ነበር። ስልክም አይሠራም ነበርና መርዶውን የሰማነው ከቀብሩ ብዙ ቆይቶ ነው። ታላቅ ወንድሟ ኦላና ግን ይህን ሊሰማ አልወደደም። «መንገድ ለነጋዴ ይዘጋል፤ ለልጅ አይዘጋም» አለና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ተነጋግረው አያውቁም፤ ለሊሴም ጊምቢን ረግጣ አታውቅም። ዘንድሮ የኦላና ልጅ ሲፈን ልታገባ ሆነና ለለሊሴ ደወለች።

«አዳዳ፣ ቅዳሜ ከቤት የምወጣው በአካኮ መኪና ነው። አባዬን ለእኔ ተይው፤ አንቺ ብቻ ነይ» አለቻት። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት፤ አካኮ ደግሞ አያት።

ነይ ማለት ቀላል ነው። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ግን ዓመታት ቢያልፉም ሐዘን ቤቱን ሲረግጥ ከበር ጀምሮ አልቅሶ ነው የሚገባው። የሰርግ ዳስ ከተተከለ በኋላ ደግሞ በዚያ ግቢ እንባ ነውር ነው፤ ለሙሽራዋ ገድ የለውም ይባላል። ስለዚህ ለሊሴ ዳሱን መቅደም ነበረባት። ዳሱ የሚተከለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቀደመች አልቅሳ ከወንድሟ ጋር ትታረቃለች፤ ከተቀደመች እንደ ማንኛውም ሰርገኛ በልታ ትመለሳለች፣ እናቷም ሳታለቅስላቸው ይቀራሉ። «ከዳሱ በኋላ ከምደርስ ባልሄድ ይሻለኛል» አለችኝ። እኔም «ሐሙስ ምሳሽን ጊምቢ ትበያለሽ» ብዬ ቃል ገባሁ። ቃል መግባት ይቀናኛል።

ረቡዕ

ገና ሳይነጋጋ ከጉለሌ ወጣን። ለሊሴ ጥቁር ነጠላዋን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። ሆለታን ያለፍነው በጉም ነው፤ ጊንጪ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ፔጆዋ ድምፅዋ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የተስተካከለ ነበር። እኔም እያፏጨሁ የሚቀድሙኝን ሚኒባሶች እየተውኩ ነዳሁ። የጉለሌ ሰው መኪና ሲቀድመው ይናደዳል፤ ከከተማ ሲወጣ ግን ይህ በሽታ ይለቀዋል።

አምቦ ቁርስ በላን። ለእኔ የጾም ቀን ነውና ሽሮ አዘዝኩ። ለሊሴ ጴንጤ ስለሆነች እንቁላል ፍርፍሯን ፊቴ አስቀምጣ ቀስ እያለች በላች። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ረቡዕና ዓርብ እንዲህ ስታደርገኝ ኖራለች። የአምቦ ሽሮ ከኛ ሰፈር ሽሮ ወፍራም ነው፤ ቃሪያውም አያስቅም።

ጉደርንና ጌዶን አልፈን ወደ ባኮ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። አንድ ነገር የከነከነኝ እዚያ ነው። አዲስ አበባ የሞላሁት ቤንዚን ባኮም ላይ ሙሉ ነው ይላል ጌጁ። እንዲህ ያለ በረከት በመጻሕፍት እንጂ በመኪና አላየሁም። ወዲያው ደግሞ የሙቀቱ መርፌ ዘሎ ቀዩ ላይ ወጣ። ደንግጬ ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ምንም አልሆነ፤ ውሃውም አልፈላም። የሚዋሸው ጌጁ ነው።

«አባቴ ይህ ጌጅ ሲያስቸግራቸው በቡጢ ይመቱት ነበር» አለች ለሊሴ።

መታሁት። ሲሬ ከተማ መግቢያ ላይ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ። የባትሪውን ገመድ ነቅዬ ስመለከት ከጌጆቹ ጀርባ ያሉት ሽቦዎች ልጣጫቸው ቀልጦ ተያይዘዋል። ቡጢው ይሁን ዕርጅናው አላውቅም፤ ለሊሴ ቡጢው ነው ባይ ናት። የተቃጠለውን በቢላ ቆርጬ፣ የቀረውን በፕላስተር ጠቅልዬ እያዘገምኩ ነቀምቴ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው።

ያረፍነው አዴ ወርቄ የሚባሉ ሴት ፔንሲዮን ነው። አዴ ማለት እንደኛ ወይዘሮ ነው። በሩ ላይ «ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው በሁለቱም ቋንቋ ተቀበሉን። ለሊሴን ስመው የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ፤ በሦስተኛው ጥያቄ ዘመድ ተገናኙ። አዲስ አበባ ሆቴል ስትገባ የሚጠይቁህ መታወቂያ ነው። እዚህ የጠየቁን አያት ነው።

ሐሙስ

ጠዋት የመኪና ኤሌትሪክ የሚሠራ ደሬ የሚባል ሰው ጋር ሄድን። ደሬ ወሬኛ ነው። አንድ ሽቦ በፈታ ቁጥር ስለ አንድ ደንበኛው ያወራል። ሦስቱን ጌጆች አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ሦስት ክብ ቀዳዳ ቀረ፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሞተሩ ክፍል ብርሃን ይታያል።

«ጋሼ፣ ሽቦውን አስተካክዬልሃለሁ። ሞተሩም መብራቱም ይሠራል» አለኝ። «ጌጆቹ ግን ተከፍተው ውስጣቸው መበየድ አለበት። መብራት የለም፤ መቼ እንደሚመጣ እሱ ያውቃል። እኔ ጋር ይቆዩና ስትመለሱ ውሰዷቸው። ጌጅ ሞተር አያስነሳም።»

ገና ማለዳ ነበር። ያኔ ብንነሣ ለምሳ ጊምቢ ነን። ለሊሴ ተነሥታ ቦርሳዋን ያዘች።

«እንሂድ» አለች።

«ያለ ጌጅ?» አልኩ። «ዴዴሳ ቆላ ወርደን፣ ያንን ዳገት ያለ ሙቀት ጌጅ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«የዘገየስ ምን ለቀመ?»

አልሰማኋትም። ስንት ሰው ያስተማርኩ ሰው፣ ደንበኛው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ዓይኗ በጠፋ መኪና መንገድ ልገባ? መብራቱ አሁን ይመጣል እያልኩ ሻይ አዘዝኩ። ረፋዱ አለፈ። ለሊሴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ቀትር ላይ ሲፈን ደወለች።

«አዳዳ፣ ምሰሶው መጥቷል። ሸራውም መጥቷል። የት ናችሁ?»

ለሊሴ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። እኔ ነቀምቴ ነን አልኩ።  ልጅቷ «እሺ፣ ጋሼ» አለችና ተሰናበተች። ከዚያ በኋላ ደጋግመን ብንደውልም መስመር የለም።

መብራቱ የመጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ደሬ አንዱን ጌጅ ከፍቶ ውስጡን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ የተቃጠለው ዕቃ ነቀምቴ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። አሁን ብንወጣ ደግሞ ሳንደርስ ይመሻል፤ በዚህ መንገድ ፀሐይ ከጠለቀች አይነዳም። በቃ፣ ቀኑ በእኔ ግትርነት ሄደ። ለሊሴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ማታ አዴ ወርቄ ጩምቦ አቀረቡልን። ጩምቦ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ተፈርፍሮ በቅመም ቅቤና በአይብ የሚርስ የወለጋ ክብር ምግብ ነው። በኛ ቤት እንዲህ ያለ ቅቤ ለዓመት በዓል ነው የሚወጣው። ለሊሴ አንድ ጉርሻ ብቻ ቀመሰች። እኔ ግን በላሁ፤ አፍሬም ቢሆን በላሁ። አዴ ወርቄ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ከገበታው ሳንነሣ ጸለዩልን። ለለሊሴ፣ ለኦላና፣ ለሙሽራዋ ጸልየው ሲያበቁ «ለዚህች ለታመመች መኪናም» ብለው ጨመሩ። እኔ ባደግሁበት ለመኪና ጠበል ይረጫል እንጂ በስሟ አይጸለይም። አሜን አልኩ፤ የምመርጥበት ቀን አልነበረም።

«ዳሱ ተተክሏል። ለምን እሄዳለሁ?» አለች ለሊሴ።

«ለሲፈን ስትይ ሂጂ» አሏት አዴ ወርቄ። «ልጂቱ መኪናውን እየጠበቀች ነው። ያንቺን ለቅሶ ዋቃ ያውቃል።» ዋቃ በኦሮምኛ እግዚአብሔር ነው።

ዓርብ

ቤንዚን ነቀምቴ ውስጥ ጠፍቶ ሰልፉ ከማደያው አልፎ መንገድ ይዞ ነበር። አዴ ወርቄ የአንድ ዘመዳቸውን ጀሪካን አስመጥተው ሞሉልን። እኔ ከአጥራቸው ቀጭን የባሕር ዛፍ ጨንገር ቆርጬ፣ ልጬ፣ ታንኩ ውስጥ ከትቼ አወጣሁት። እርጥበቱ የደረሰበት ድረስ ቤንዚን አለ ማለት ነው። ደሬ ጌጆቹን በጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣቸው፤ እኛ ከጨንገራችን ጋር ወጣን።

ያለ ጌጅ መንዳት መጀመሪያ ላይ ልብስ ሳይለብሱ አደባባይ እንደመውጣት ነው። ዓይኔ ከልማዱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሄዳል፣ ባዶ ሲያገኝ ይመለሳል። ዲጋ አጠገብ ያለው ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ዳሽቦርዱን አየ።

«አባቴ፣ በስንት እንደምትነዳ በምን ታውቃለህ?»

«ሚስቴ ዝም ካለች ልክ ነኝ ማለት ነው» አልኩት።

ፖሊሱ ለሊሴን አየ፣ ጥቁር ነጠላዋን አየና ሳቁን ዋጠው። «ነጋን ዴማ፣ በሰላም ሂዱ» ብሎ ገመዱን አወረደልን።

ወደ ዴዴሳ ስንወርድ ሙቀቱ እየከበደ መጣ። ማንጎ በየዛፉ ተንጠልጥሏል፤ እኛ ሰፈር አንዱን ማንጎ አገላብጠን አይተን ነው የምንገዛው፣ እዚህ ከብት ረግጦት ይሄዳል። ድልድዩን ስንሻገር ለሊሴ ድንገት እጇን ዘርግታ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ትኩስ አየር ፊታችንን ገረፈን።

«ምን ነካሽ? በዚህ ቆላ?»

«አባቴ ይህን ዳገት ሲወጡ እንዲህ ያደርጉ ነበር። እኛ ልጆቹ ከኋላ ሆነን በላብ እንጠመቃለን፤ አዮ ሻሻችንን በውሃ ታርስልናለች» አለች። አዮ የምትለው እናቷን ነው። «አየሩ ትኩስ እስከሆነ ድረስ ውሃው አለ። ድንገት ከቀዘቀዘ ውሃው ሄዷል ማለት ነው።»

እውነቷን ነው። ማሞቂያው የሚሞቀው በሞተሩ ውሃ ነው። እኔም አውቀው ነበር፤ ግን ጌጅ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር መቼ ያስታውሳል? ለሊሴ መዳፏን አየር መውጫው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ፊቷ በላብ ታጥቧል። እንዲህ ሆነን ዳገቱን ጀመርን፤ እሷ እያዳመጠች፣ እኔ እየነዳሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ልቤ ያረፈው ያኔ ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳልቸኩል ሳልዘገይ፣ ኩርባውን በኩርባ ላይ ወጣሁት።

ከዳገቱ አጋማሽ ስናልፍ ለሊሴ «ቀዘቀዘ» አለች።

ወዲያው አቆምኩ። ጌጅ ቢኖረኝ ኖሮ እንኳ እንዲህ ቶሎ ባላቆምኩ ነበር። የራዲያተሩ የታችኛው ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ውሃው መንገዱ ላይ ይፈሳል። መንገዱ ዳር ቤቱ ያለ ገበሬ፣ ኦቦ (እንደኛ አቶ) ፊጤ የሚባል ሽበታም ሰው፣ ሳንጠራው ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ መጣ። ከሞተር ሳይክሉ አሮጌ የውስጥ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ አመጣልኝ፣ ቱቦውን ደጋግሜ ጠምጥሜ አሰርኩት። ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን። ኦቦ ፊጤ «ኮቱ፣ ኑ ግቡ፤ ምሳ ደርሷል» ይላል፤ ሚስቱም ከደጅ ትጠራናለች። በኛ ሰፈር ለተበላሸ መኪና ሰው የሚያቀርበው ምክር ነው። ከዚያ ኦቦ ፊጤ የለሊሴን ጥቁር ነጠላ አየ።

«ማን ሞቶ ነው፣ እህቴ?»

«እናቴ» አለች። «ቆይቷል። ግን አልደረስኩም ነበር። አሁን ነው የምሄደው።»

ኦቦ ፊጤ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ አልጠየቀም። ጀሪካኑን አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ለሊሴ ተቀመጠች፣ እኔም ተቀመጥኩ። መንገድ ዳር ለቅሶ ተቀመጥን። «ዋቅኒ ያጽናሽ» አላት በመጨረሻ። ተነሥቶ ኮፈኑን ራሱ ዘጋ።

«በሉ ሂዱ። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ለምሳ አይያዝም።»

ሚስቱ የተቀቀለ አንጮቴ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በመስኮት ሰጠችን። አንጮቴ ድንች የሚመስል የወለጋ ሥር ነው፤ ቅቤ ስላልነካው ዓርብ ቢሆንም በላሁት። ከድንች ይጣፍጣል፤ ይህን የምለው ሰዎቹን ስለወደድኩ ብቻ አይደለም።

ጊምቢ ስንገባ ቀትር አልፎ ነበር። ከተማው በቀይ አፈርና በቡና ዛፍ መካከል ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ነው። ለሊሴ ወደ ሰፈሩ ስንታጠፍ ነጠላዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ዳስ ስር ጥቁር አይለበስም» አለች። ድምፅዋ ደርቋል። ልያት አልደፈርኩም። ትናንት ጠዋት ብሰማት ኖሮ እያልኩ ነበር ወደ በሩ የጠጋሁት።

በሩ ገርበብ ብሏል። ግቢው ውስጥ ዳስ የለም። ምሰሶዎቹ አጥሩን ተደግፈው መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ሸራው እንደተጠቀለለ ነው። ብዙ ወጣቶች ምሰሶው ላይ ተቀምጠው ዘንግ እየቆረጡ ጊዜ ያሳልፋሉ። ለሊሴ በመስኮት አየች፣ ደግማ አየች። ከዚያ ነጠላውን ከቦርሳው እንዴት እንዳወጣችው እኔ አላውቅም፤ በሩን ከፍታ ስትወርድ ራሷ ላይ ነበር።

«አዮ! አዮ ኮ!» ብላ ከበሩ ጀመረች።

ኦላና ከቤት ወጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ደረጃው ላይ ቆመ። እህቱ እያለቀሰች፣ እናቷን በስም እየጠራች፣ ሳልቀብርሽ እያለች ግቢውን አቋርጣ መጣች። ኦላና እስክትደርስ አልጠበቀም። ወርዶ መሐል ግቢ ላይ ያዛትና እሱም አለቀሰ። በጓዳ የነበሩት ሴቶች ሽንኩርታቸውን ጥለው ወጥተው ከበቧቸው። ሲፈን፣ ሙሽራዋ፣ ፀጉሯ በግማሽ ተሠርቶ፣ እያለቀሰች የአክስቷን ወገብ ይዛ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ለአማቴ ነው፤ ግማሹ ግን ለሐሙስ ነበር።

አጠገቤ የነበረ አንድ ወጣት አፍንጫውን ጠርጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ኦቦ ኦላና ከትናንት ቀትር ጀምሮ ነው ያስቀመጠን፣ ጋሼ። እንትከል ስንለው ንፋስ አለ ይላል። ዛሬ ጠዋትም ንፋስ አለ አለን። ቅጠል እንኳ ሲነቃነቅ አላየንም።»

ለቅሶው ሲበርድ ሰዎቹ ወንድምና እህቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ውሃ መጣ፤ ኦላና መጀመሪያ የለሊሴን እጅና ፊት አስታጠበ፣ ከዚያ የራሱን ታጠበ። ፊቱን በመዳፉ አብሶ ወደ ወጣቶቹ ዞረ።

«እህቴ ደርሳለች» አላቸው። «አሁን ትከሉት።»